ከስቶክሆልም ወደ ቱርኩ በመርከብ፦ እናቴን ይዤ ስሄድ የቀኑ ይሻላል የሌሊቱ?

የሶልናዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰኔ ላይ እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ቪዛዋ ወጥቷል፣ የአውሮፕላን ቲኬቷም ተቆርጧል። ታናሽ እህቴ ፊንላንድ ቱርኩ ነው የምትኖረው፤ ገና አራስ ናት። እማዬ የልጅ ልጇን ሳትስም እንድትመለስ አልፈልግም። እህቴ ደግሞ "በመርከብ አምጫት፣ ትወደዋለች" ትለኛለች። እኔ ስዊድን ብዙ ዓመት ብኖርም በዚህ መስመር ሄጄ አላውቅም።

ሐሳብ የሆነብኝ መጀመሪያ ቪዛው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መግባት የሚፈቅድ ነው የሰጧት። ፊንላንድ ሄዳ ስዊድን ስትመለስ እንደ ሁለተኛ መግቢያ ይቆጠርባታል? ሌላው ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መራመድ አትችልም። የሰኔ ጾም ላይ ነው የምንሄደው፤ እማዬ ደግሞ ጾም አትሽርም። መርከቡ ጠዋትም ማታም እንደሚነሳ አይቻለሁ። የቱን ልቁረጥ?

ከቱርኩ

እህትሽን እንኳን ማርያም ማረቻት! ሕፃኑንም በፀጋ ያሳድግላችሁ።

ሰኔ ከሆነ የቀኑን ቁረጪ። ለምን እንደምል ላስረዳሽ።

ሰው የባሕር ጉዞ ሲባል ዳርቻ የሌለው ውሃ ነው የሚታየው። ይሄ መስመር እንደዚያ አይደለም። መርከቡ ከስቶክሆልም ሲነሳ ቀጥ ብሎ ወደ ክፍት ባሕር አይወጣም። ለሰዓታት በደሴቶች መሐል እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። የስቶክሆልም ደሴቶች ሠላሳ ሺህ ገደማ እንደሆኑ ይነገራል። አንዳንዱ አንድ ቤትና አንድ የጀልባ ማሰሪያ ብቻ ያለው ነው። አንዳንዱ ድንጋይና ጥቂት ጥድ ነው። መተላለፊያው በሚጠብበት ቦታ ቀይ ቀለም የተቀባው ቤት በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ይታዩሻል። ልጆች እጃቸውን ያውለበልባሉ። መርከቡም ማዕበሉ ዳርቻውን እንዳይጎዳ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ከዚያ ክፍቱ ባሕር ይመጣል፤ እሱ የመንገዱ ትንሹ ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ኦላንድ ላይ፣ በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባሉት ደሴቶች፣ ማሪያሃምን ወደብ ለአጭር ጊዜ ይቆማል። ከኦላንድ በኋላ ደግሞ የፊንላንድ ደሴቶች ይጀምራሉ። እነዚህ ከስዊድኖቹም ይበልጣሉ፤ በዓለም ላይ ደሴት እንደዚህ ተጠጋግቶ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። ቱርኩ እስክትደርሱ ድረስ እንደዚያው ነው። ሰኔ ላይ ፀሐይ ቶሎ ስለማትጠልቅ ሁሉም በብርሃን ይታያል።

የማታውን ከወሰድሽ ይሄን ሁሉ ተኝታችሁ ታልፉታላችሁ። እናትሽ ከሩቅ አገር መጥተው አንድ ጊዜ የሚያዩትን ነገር ካቢን ውስጥ ተኝተው ባያልፉት ደስ ይለኛል።

ጠቅላላ ጉዞው 11 ሰዓት ገደማ ነው። የቀኑ መርከብ ከስቶክሆልም የሚነሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ቲኬቱ ላይ 07:45 የሚል ከሆነ በእኛ 1:45 ማለት ነው። ለእናትሽ ስትነግሪ በእኛ አቆጣጠር ንገሪያቸው። ቱርኩ የሚገባው በፊንላንድ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ፊንላንድ ስዊድንን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ቲኬቱ ላይ የሚጻፈውም የየአገሩ ሰዓት ነው። በበጋ የፊንላንድ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ይሆናል። እናትሽ ቤት ለመደወል ማስላት አያስፈልጋቸውም።

ሰነድ_አዋቂ

የቪዛውን ልመልስልሽ።

አይቆጠርባትም። ስዊድንም ፊንላንድም ሼንገን ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚዘዋወሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ናቸው። ኦላንድም የፊንላንድ አካል ስለሆነች ውስጥ ናት። እናትሽ በስቶክሆልም አየር ማረፊያ፣ አርላንዳ ላይ ሲገቡ ነው አንዷን መግቢያ የተጠቀሙት። ከሼንገን እስካልወጡ ድረስ ከአገር አገር ቢዘዋወሩ አልወጡም፣ እንደገናም አልገቡም። ወደ እንግሊዝ ብትወስጃቸው ግን ያን ጊዜ መውጣት ነው፤ በዚያ ቪዛ መመለስ አይችሉም።

ሁለት ነገር ግን አረጋግጪ። አንደኛ፣ ቪዛው ላይ የሚያገለግልበት ቦታ የሚጻፍበት መስመር አለ። እዚያ ላይ ለሼንገን አገሮች በሙሉ የሚል መሆን አለበት። አልፎ አልፎ ለአንድ አገር ብቻ የተገደበ ቪዛ ይሰጣል፤ እሱ ከሆነ መሻገር አይቻልም። ሁለተኛ፣ ፊንላንድ የሚቆዩባቸው ቀናትም ከተፈቀደላቸው ቀን ይቆጠራሉ። ለቪዛው የተገዛው የጤና ኢንሹራንስ በሁሉም የሼንገን አገር እንዲሠራ ግዴታ ስለሆነ ፊንላንድም ይሸፍናቸዋል። ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ።

ፓስፖርታቸው እጃቸው ላይ ይሁን። በሼንገን ውስጥ ድንበር የለም ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት። መርከቡ ስትሳፈሩ ይጠየቃል። ስዊድንም እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ድንበሯ ላይ ቁጥጥር አድርጋ እያራዘመችው ስለሆነ ስትመለሱም ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ኡፕሳላ_ተማሪ

ጥያቄ ልጨምር፣ ይቅርታ የሶልናዋ። እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ጊዜው አልፏል፤ እያሳደስኩ ነው። የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ግን አለኝ፣ ከግብር መሥሪያ ቤት ያወጣሁት መታወቂያም አለኝ። በነዚህ ሄልሲንኪ ደርሼ መመለስ እችላለሁ? ጓደኞቼ "ማንም አያይህም" እያሉኝ ነው።

ሰነድ_አዋቂ

ወንድሜ፣ አትሂድ። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ የሚሠራው ጊዜው ካላለፈ ፓስፖርት ጋር ሲሆን ነው። ብቻውን የጉዞ ሰነድ አይደለም። የግብር መሥሪያ ቤቱ መታወቂያ ደግሞ ስዊድን ውስጥ ባንክና ፋርማሲ ይሠራል እንጂ ዜግነትህን አያሳይም። ብሔራዊ መታወቂያ ይዘው የሚሻገሩት የስዊድን ዜጎች ናቸው።

ጓደኞችህ ማንም ሳያያቸው ሄደው ይሆናል። አንተ ከተያዝክ ግን ጣጣው ያንተ ነው፤ ፈቃድህን ስታድስም ሊነሳብህ ይችላል። ፓስፖርትህ እስኪደርስ ጠብቅ። ስደተኛ ሆነው ሰማያዊውን የጉዞ ሰነድ የያዙ ሰዎች ከመኖሪያ ካርዳቸው ጋር መሄድ ይችላሉ። ጉዳያቸው ገና በሂደት ላይ ያለና የጥገኝነት ጠያቂ ካርድ ብቻ የያዙ ግን አይችሉም። ካርዱ መታወቂያ እንኳ አይደለም። ይሄን የምጽፈው እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ሰው ስለሚያነብ ነው።

የሦስት_ልጆች_አባት

በቀኑ ጉዞ ላይ ከከቱርኩ ጋር ልከራከር። 11 ሰዓት ረጅም ነው። ለጤነኛ ሰውም ይረዝማል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ? እኛ ሁልጊዜ የማታውን ነው የምንሄደው። ልጆቹ እራት በልተው፣ ኳስ ገንዳው ውስጥ ተጫውተው ይተኛሉ። ጠዋት ስትነቃ ደርሰሃል። የአንድ ሌሊት አልጋም ተረፈ ማለት ነው።

አንድ ምክር ግን ለማታ ተሳፋሪ ሁሉ። በአንዳንድ መርከቦች ላይ በጣም ርካሹ ካቢን ከመኪናው ፎቅ በታች ያለው ነው። መስኮት የለውም፣ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። ክረምት ላይ መርከቡ በረዶ ሲሰብር የብረቱ መፋቅ እዚያ ታች ጆሮ ሥር ነው የሚሰማው። ትንሽ ከፍለህ ከመኪናው ፎቅ በላይ ያለውን ያዝ።

ከቱርኩ

የልጆቹ ነገር ልክ ነህ፤ ልጅ ላለው ሰው ማታው ይመቻል። ክረምት ከሆነም እኔ ራሴ ማታውን ነው የምመክረው። ታኅሣሥ ላይ መርከቡ ከስቶክሆልም ሲነሳ ገና ጨለማ ነው፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ፀሐይ ትጠልቃለች። የሚታይ ነገር የለም። እኔ የተናገርኩት ስለ ሰኔ ነው።

ለድካሙ ደግሞ መፍትሔ አለ። በቀኑም ጉዞ ካቢን መከራየት ይቻላል። ግዴታ አይደለም፣ ግን ይቻላል። የሶልናዋ፣ መስኮት ያለውን ካቢን ያዢላቸው። ሲደክማቸው ጋደም ብለው ደሴቶቹን በመስኮት ያያሉ።

ዘቢባ

ስለ ምግብ ያነሳ የለም። ቡፌው ሰፊ ነው፤ የሚበላ አይጠፋም። እኔ ሙስሊም ነኝና የምጠነቀቀው የአሳማ ሥጋ ነው። የስዊድን የሥጋ ኳስ ብዙ ጊዜ የበሬና የአሳማ ድብልቅ ስለሆነ አልነካውም። ዓሣውና ድንቹ ይበቃኛል። የተጻፈውን አንብቡ፣ ያልገባችሁን ሠራተኛውን ጠይቁ፤ በደንብ ያስረዳሉ።

ለጿሚዋ እናት ግን ዓሣውም አይሆንም መሰለኝ?

የሶልናዋ

አዎ ዘቢባዬ፣ እማዬ በጾም ዓሣ አትቀምስም። ቅቤና ወተት የነካውንም አትፈልግም።

ዘቢባ

እንግዲያው ድንች፣ ሰላጣ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ይኖራል። የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለው ምግብ ማዘጋጀት አሁን የተለመደ ነው። ስትቆርጪ ግን ቀድመሽ ተናገሪ። የቤቱን የሚያክል የለምና ሽሮሽንና እንጀራሽን በዕቃ ቋጥረሽ ያዢ። ካቢን ካላችሁ እዚያው ቁጭ ብላችሁ በሰላም ትበላላችሁ። ቡፌውን ለእማማ ባትከፍዪ ይሻላል፤ ለድንችና ለሰላጣ ያን ያህል ገንዘብ ያሳዝናል።

የሶልናዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእናንተ ጋር ሳወራ ልቤ አረፈ። አንድ ነገር ቀረኝ። እማዬ ስልክ ላይ ስነግራት ፈራች። ጎረቤታችን "እዚያ ባሕር ላይ ትልቅ መርከብ ሰጥሟል፣ ስንት መቶ ሰው አልቋል" ብለዋታል። ምን ልበላት?

መካኒኩ_ከዮተቦሪ

እውነቱን ንገሪያት። ጎረቤታችሁ ያሉት ልክ ነው፤ መካድ አያስፈልግም።

መርከቧ ኤስቶኒያ ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1994 ሌሊት፣ ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትመጣ ሰጠመች። 989 ሰው ተሳፍሮ ነበር። 852 ሞቱ፣ 137 ብቻ ተረፉ። እኔ በመርከብ ጥገና ነው የምተዳደረው። የኤስቶኒያ ጉዳይ ለእኛ ሙያ ሰዎች ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የምናደርገውን ነገር የቀየረ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የመርከቧ አፍንጫ ወደ ላይ የሚከፈት ክዳን ነበረው፤ መኪና የሚገባው በሱ ነው። በዚያ ሌሊት ማዕበሉ ከባድ ነበር። የክዳኑ መቆለፊያዎች ማዕበሉን አልቻሉም፣ ተሰበሩ። ክዳኑ ተገንጥሎ ሲወድቅ ከኋላው ያለውን የመኪና መወጣጫ ጎትቶ ከፈተው። ውሃ መኪናው ፎቅ ላይ ገባ። የመኪና ፎቅ ከዳር እስከ ዳር ክፍት አዳራሽ ነው፣ ግድግዳ የለውም። እዚያ የገባ ውሃ ወደ አንድ ወገን ሲሮጥ መርከቧን ይዟት ይዘነበላል። ያች ትልቅ መርከብ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየችም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1996 የሰሜን አውሮፓ አገሮች ስቶክሆልም ላይ ተስማምተው የመኪና መርከብ ውሃ ፎቁ ላይ ቢገባ እንኳ ሳይገለበጥ መቆም አለበት የሚል ደንብ አወጡ። የፊት በሮች መቆለፊያና ቁጥጥር ጠበቀ። በ1998 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የተሳፋሪ ሁሉ ስም እንዲመዘገብ አዘዘ። ስትሳፈሩ ስማችሁን የሚጠይቋችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ አደጋ ቢደርስ ማን ውስጥ እንዳለ እንዲታወቅ።

አሁን በቱርኩ መስመር ላይ የሚሠሩት የቫይኪንግ ኩባንያ መርከቦች፣ ቫይኪንግ ግሬስና ቫይኪንግ ግሎሪ፣ ከነዚህ ደንቦች በኋላ የተሠሩ ናቸው። ግሬስ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረች፣ እዚያው ቱርኩ የተሠራች ናት። ግሎሪ ቻይና ተሠርታ በ2022 የገባች ናት። ሁለቱም በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ይሄዳሉ።

ለእናትሽ የምትነግሪያት ይሄን ነው። ሰኔ ላይ፣ በቀን፣ አብዛኛው መንገድ በደሴቶች መሐል። ማዕበሉን ደሴቶቹ ይሰብሩታል። ሊያጥወለውላቸው ይችላል ብለሽ ከሰጋሽ ለክፍቱ ባሕር ሰዓት ብቻ አስቢ፤ ያን ጊዜ መርከቡ መሐል አካባቢ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ይቀመጡ። ጫፍ ጫፉ ነው የሚወዛወዘው።

ስቶክሆልም ዩርጎርደን ላይ፣ ከቫሳ ሙዚየም አጠገብ የሟቾቹ ስም የተቀረጸበት መታሰቢያ አለ። ጊዜ ያለው ሰው ሄዶ ቢያየው ጥሩ ነው።

አራት_ኪሎ_ልጅ

ኦላንድ ላይ መርከቡ ለምን እንደሚቆም የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔን ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 በአባል አገሮቹ መካከል ከቀረጥ ነፃ ሽያጭን አስቀርቷል። ኦላንድ ግን ፊንላንድ ኅብረቱን በ1995 ስትቀላቀል ከግብር ሥርዓቱ ውጪ እንድትሆን ተፈቀደላት። ስለዚህ ኦላንድን የረገጠ መርከብ ሱቁ ውስጥ ከቀረጥ ነፃ መሸጥ ይችላል። የሌሊቶቹ መርከቦች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሎንግነስ የሚባል ወደብ የሚጠጉት ለዚህ ነው። ያች አጭር መቆሚያ ናት መስመሩን በገንዘብ የያዘችው።

ኦላንድ የምትናገረው ስዊድንኛ ነው፤ ሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ፊንላንድ ነፃ ስትወጣ ወደ ስዊድን መቀላቀል ፈልጎ ነበር። ጉዳዩ ለመንግሥታቱ ማኅበር ቀረበ። በ1921 ማኅበሩ ደሴቶቹ የፊንላንድ ይሁኑ፣ ግን ቋንቋቸውና ራስ ገዝነታቸው ይጠበቅ፣ ጦርም አይስፈርባቸው ብሎ ወሰነ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። የራሳቸው ባንዲራ አላቸው፣ የራሳቸው ፓርላማ አላቸው። እኛ እ.ኤ.አ. በ1923 የገባንበት፣ ጣሊያን ሲወረን ጃንሆይ ጄኔቭ ድረስ ሄደው አቤት ያሉበት ያው ማኅበር ነው። እዚህ ተሳክቶለታል። ማሪያሃምን ሳልፍ ሁሌ ይሄን አስባለሁ፣ ልቤም ይነካል።

የሦስት_ልጆች_አባት

አልኮል የምትገዙ ካላችሁ ልኩን እወቁ። ከኦላንድ መስመር ስትገቡ እንደ ኅብረቱ ውጪ ነው የሚቆጠረው፤ ጠንካራ መጠጥ ለአንድ ሰው 1 ሊትር፣ ወይን 4 ሊትር፣ ቢራ 16 ሊትር። ሲጋራ 200 ፍሬ።

ሄልሲንኪ_ካሊዮ

ስለ ሄልሲንኪ መስመርም አንድ ነገር ልበል፤ ቱርኩን ብቻ አታወድሱ።

የስቶክሆልም ሄልሲንኪው የሌሊት ነው፣ ጉዞው 16 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሲልያ ሴሬናዴና ሲልያ ሲምፎኒ የሚባሉት መርከቦች መሐላቸው ላይ 142 ሜትር የሚረዝም መንገድ አላቸው፤ ሱቅና ካፌ በግራና በቀኝ። ጠዋት ግን ካቢን ውስጥ አትቀሩ። ሄልሲንኪ ለመግባት መርከቡ ሱኦመንሊና ምሽግ አጠገብ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ምሽጉን ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1748 መገንባት ጀመሩ። ግንቡ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ይለያል፣ ያን ያህል ትቀርባላችሁ።

ሄልሲንኪ የደረሰ ሐበሻ ደግሞ ኦሊምፒክ ስታዲየሙን ሳያይ አይመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005ቱ የዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ ዲባባ 5 ሺህና 10 ሺህን ደርባ ያሸነፈችው እዚያ ነው። በሴቶች 5 ሺህ ከአንድ እስከ አራት የገቡት የእኛ ልጆች ነበሩ፦ ጥሩነሽ፣ መሠረት፣ እጅጋየሁ፣ መሰለች። ቀነኒሳና ስለሺም በ10 ሺህ አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ስታዲየሙ ማማ አለው፤ ላዩ ላይ ወጥታችሁ ከተማውን ከነባሕሩ ታያላችሁ። እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው።

የሶልናዋ

የቀኑን ልቆርጥ ነው፣ መስኮት ካለው ካቢን ጋር። ለመካኒኩ ወንድሜ ልዩ ምስጋና። የጻፍከውን ለእማዬ ስልክ ላይ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና "በስማችን ከመዘገቡን ጥሩ ነው" አለችኝ። ለመምጣት ተስማምታለች።

የቀረኝ የጉልበቷ ነገር ነው። ወደቡ ላይ ስንት ይሄዳል? ከመርከቡ ስንወርድስ?

ከቱርኩ

ደስ አለኝ። እንግዲህ ወደ ተግባሩ።

መጀመሪያ ቲኬቱ ላይ የወደቡን ስም እዪ። የቫይኪንግ መርከቦች ስሉሰን አጠገብ ካለው ስታድስጎርደን ይነሳሉ። ወደ ፊንላንድ ከሚሄዱት ግን ከካፔልሻር የሚነሱም አሉ፤ እሱ ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጠዋት ላይ ወደቡን መሳት አትፈልጊም።

ከሶልና በታክሲ በሩ ድረስ ሂዱ። ከመነሻው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ከተርሚናሉ እስከ መርከቡ በር ያለው መተላለፊያ ረጅም ነው፤ ጉልበት ላመመው ሰው የሚከብደው እሱ ነው። ስለዚህ ቲኬቱን ስትቆርጪ ዊልቸር እንደሚያስፈልግ ንገሪያቸው። መግቢያው ላይም ደግመሽ ንገሪያቸው። እናትሽ "እኔ እሄዳለሁ፣ ምን በወጣኝ" ሊሉ ይችላሉ፤ አንቺ ግን ያዢላቸው። ውስጥ ሊፍት አለ፤ ካቢኑን ስትመርጪ ለሊፍቱ ቅርብ የሆነውን ጠይቂ።

የሰኔን በዓል ሽሹ። የበጋው አጋማሽ በዓል ሳምንት ላይ ሁለቱም አገር ይንቀሳቀሳል። ቲኬት ይወደዳል፣ መርከቡም ይሞላል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ብትሄዱ ርካሽም ጸጥታም ነው።

ቱርኩ ስትደርሱ ወደቡ ከከተማው ሩቅ አይደለም። ወደ ገበያው አደባባይ የሚሄድ የከተማ አውቶቡስ አለ፤ በባንክ ካርድ ነክቶ መሳፈር ይቻላል። ለእናትሽ ግን ታክሲ ይሻላል፣ ወይም የእህትሽ ባለቤት ይቀበላችሁ። ከወደቡ ስትወጡ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ይታያችኋል። እ.ኤ.አ. በ1280ዎቹ መሠራት የጀመረ ነው፤ ፊንላንድ በስዊድን ሥር ሳለች የተገነባ። በሌላ ቀን ተመለሱና እዩት፤ ውስጡ ግን ደረጃ ይበዛል፣ እናትሽ ግቢውን አይተው ይመለሱ።

የሶልናዋ

ዊልቸሩን አሁኑኑ ደውዬ እጠይቃለሁ። እህቴ ቡና እያፈላች ትጠብቀናለች፤ እማዬ ደግሞ ለአራሷ ገንፎ ማርና ቂቤ ይዛ ትመጣለች። ቂቤው ጉምሩክ ላይ ችግር አለው?

ሰነድ_አዋቂ

አለው። ከኅብረቱ ውጪ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ አርላንዳ ላይ ይወሰድባቸዋል። ቂቤውን አስቀሯቸው። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። የገብሱንም ዱቄት ይዘው ይምጡ። ቂቤ ስዊድን ገዝተሽ ራስሽ አንጥሪላቸው፤ ከስዊድን ወደ ፊንላንድ መውሰዱ አይከለከልም።